ዜናሁ ለጋሽ ሚሊ፣ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን እግር ላበጀ

ፕላስቲክ በነገሠ በስድስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ዘመነ ገለባ ካለፈ፣ ዘመነ ፎምም ነጭ ፍርፋሪውን በየጥጋጥጉ በትኖ ከተሻረ በኋላ፣ በዓመተ ኩርፊያ፣ በስምንተኛው ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሻይ ተጠጥቶ ብርጭቆዎቹ ገና ሳይነሡ ይህን ዜና መጻፍ ጀመርሁ፤ እኔ የዕቃ ቤቱ ጸሐፊ፣ የሦስት ቁልፎች ተሸካሚ፣ የሁለቱን መቆለፊያ የማውቅ፣ የሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ የጠፋብኝ። ማንም ጻፍ ብሎ አላዘዘኝም። ነገር ግን ነገሥታት አንድ ኮረብታ ወጥተው በወረዱ ቁጥር የሚጽፍላቸው ሲኖር፣ የስድስት ሰዎችን እንጀራ ያዳነ የፕላስቲክ እግር ሳይጻፍለት ቢቀር ነውር ነው ብዬ በገዛ ሥልጣኔ ብዕር አነሣሁ። ንጽሐፍ እንከ፤ እንጻፍ እንግዲህ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ዜና ውስጥ ትልቁንም ትንሹንም «እሱ» እያልሁ የምጽፈው ከድፍረት አይደለም፤ የዜና ጸሐፊ ወግ ሆኖ ነው። አንቱታውን ለሚያስፈልግበት ቦታ ቆጥቤ አስቀምጫለሁ።

የዜናው ባለቤት ጋሽ ሚሊ ነው፤ መነጽሩ በክር የታሰረ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ፣ ሴንቲሜትርን የሚንቅ፣ ለሚሊሜትር ብድግ ብሎ የሚነሣ፣ ሆዱ ግን በሜትር ቢለካ የሚሻል፣ የማዕዘናት ጌታ፣ የመደገፊያዎች ሁሉ አባት። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። ቤትህ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ለጠየቀው እንግዳ በሚሊሜትር ስለመለሰለት እንግዳው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ግዛቱም የፕላስቲክ ክፍሉ ነበረ፤ ይኸውም በፋብሪካው ጓሮ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ያለ፣ አንዱ መስኮቱ የማይዘጋ፣ ሌላው መስኮቱ የማይከፈት አዳራሽ ነው። ፋብሪካው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይገጣጥማል። ማሽኑ በካርቶን ታሽጎ፣ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዞ ወደ ሩቁ ከተማ ሲሄድ መንገድ ላይ እንዳይጎዳ ከሥሩ በአራቱ ማዕዘን የፕላስቲክ መደገፊያ ይገባለታል። እኛ «እግር» እንለዋለን። እግሩን መንደፍ የጋሽ ሚሊ፣ የተነደፈውን መሥራት ደግሞ የሠራዊቱ ፈንታ ነው።

ሠራዊቱም በየማዕረጉ ይህ ነው፦ እትዬ ሙቀት፣ የመቅረጫ ማሽኑ እመቤት፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ መድረሱን በአፍንጫዋ ብቻ የምታውቅ፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት የቀረው፤ አባ ሞረድ፣ ሞልድ የሚባለውን ቅርጽ ማውጫ ብረት የሚፈለፍል፣ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ማውራት የሚቀለው፤ ሁለቱ አሻጊዎች፣ አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው የሚጨርስለት፣ ብዙ ጊዜም የሚያበላሽበት፤ በመጨረሻም እኔ። ሰንደቅ አልነበረንም። እትዬ ሙቀት ላቧን የምትጠርግበት ቢጫ ፎጣ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ይሰቀል ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ የመከራው ቀን መጣ። ከተጫኑት ሠላሳ ማሽኖች አሥራ አንዱ ተሰብረው መድረሳቸው ተሰማ፤ የአንዳንዱ ታች ወደ ሆዱ ገብቶ፣ የአንዳንዱ ሞተር ከማሰሪያው ወርዶ፣ የአንዱ ደግሞ ልብስ የሚሽከረከርበት በርሜል ተነቅሎ፣ በሩን ሲከፍቱለት ሰላም ሊላቸው እንደመጣ ሰው እቅፋቸው ውስጥ ገባ። ጭነቱን የወሰደው ሹፌር የጋሽ ሚሊ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። እኛ ባለ መሪው እንለዋለን፤ የመኪና መሪ ሠላሳ ዓመት ጨብጦ ስለኖረ፣ መሪነቱም ከዚያ ስለማያልፍ። እህቱ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ ጋሽ ሚሊም ካገባት ጀምሮ፣ እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት፣ እንደ እሷ ወንድም ጋሼ እያለ፣ ሲያናግረውም አንቱ እያለ ኖሯል።

ቁስለኞቹ ማሽኖች ተመልሰው ግቢው ውስጥ ሲወርዱ የጋሽ ሚሊ ደም ፈላ፤ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ በሚያይበትም ይህን አዋጅ አስነገረ። «አንተ ነህ የሰበርከው። የኔ እግር ምንም አልሆነም፤ ይኸው እየው። አንተ ስትመጣ እኮ መንገዱ ራሱ ዞር ይልልሃል።»

ባለ መሪው ስለ ማሽኖቹ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «አንተ?» ብሎ ብቻ፣ መልሱንም ሳይጠብቅ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ከግቢው ወጣ። እኔም ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀ መስሎኝ እንዲያው መዘገብሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ፤ አንዱ በዋናው በር ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣ ጀመር፤ ዓመቱም ዓመተ ኩርፊያ ተባለ።

ኩርፊያው ሳይበርድ ከወደ ላይ ሌላ መዓት ወረደ። የሥራ አስኪያጁ አዋጅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በአራት መርፌ ተወግቶ ተገኘ፤ ቃሉም እንዲህ ይላል፦ «ለፕላስቲክ ክፍል። የሚቀጥለው ጭነት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይወጣል፤ ብዛቱም ሠላሳ ማሽን ነው። ከሠላሳው አንድ እንኳ ተሰብሮ ቢደርስ ክፍሉ ይዘጋል፤ ዕቃው በእንጨት ሣጥን ይታሸጋል፤ የክፍሉ ሠራተኞችም ሌላ ሥራ ይፈልጉ።» እትዬ ሙቀት «ሌላ ሥራ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቢጫው ፎጣ ጠረገች። ሁላችንም ፈርተን ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ጋሽ ሚሊ ግን እርሳሱን ከጆሮው መዘዘ። የመጀመሪያውንም እግር ነደፈ፤ ስሙን ጽኑ አለው። ጽኑ ወፍራም፣ ድፍን፣ በመዶሻ ቢመቱት መዶሻው የሚያዝን እግር ነበረ። ፈተናውም እንዲህ ነው፤ ከአሥራ አንዱ ቁስለኞች ተጠጋግኖ የዳነ አንድ ማሽን እግሩ ተገጥሞለት፣ በሰንሰለት ማንሻ ስድስት መቶ ሚሊሜትር ወደ ላይ ተነሥቶ፣ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ይለቀቃል። ሠራዊቱ በየማዕረጉ ቆሞ፣ እኔም መዝገቤን ይዤ፣ ማሽኑ ተለቀቀ። ጽኑ አልተጫረም። ከላዩ ያለው ማሽን ግን ሆድ ዕቃው ተዘረገፈ፤ አንድ ብሎን እየተንከባለለ መጥቶ ጫማዬ ሥር ቆመ። እግሩ ድል አደረገ፣ ማሽኑ ግን ሞተ ብዬ ጻፍሁ።

ሁለተኛውንም ነደፈ፤ ስሙን ልዝብ አለው። ልዝብ ሲነኩት የሚሰምጥ፣ ለሁሉም እሺ የሚል እግር ነበረ። የሚቀጥለው ማሽን በላዩ በተለቀቀ ጊዜ ከአራቱ እግሮች ሁለቱ ከሌሎቹ ቀድመው ሰመጡ፤ ማሽኑም ወደ ጎን አዘንብሎ፣ አዘንብሎ፣ በዚያች ሰዓት ሥራችንን ሊያይ ብቅ ባለው ሥራ አስኪያጅ ፊት በግንባሩ ተደፋ። ሥራ አስኪያጁም እጅ መነሻውን ተቀብሎ ተመለሰ። ከሦስቱ ሳምንታት አንዱ እንዲህ ሆኖ አለቀ።

ወእምዝ የጋሽ ሚሊ ሚስት፣ በባሏና በወንድሟ መካከል እንደ ድንበር ችካል የተተከለችው፣ ትዕግሥቷ አልቆ አዋጅ አወጣች። አዋጁም በስልክ ለሁለቱም በአንድ ቃል ደረሰ። «እኔ በባሌና በወንድሜ መሀል ቆሜ አልሞትም። እሁድ ምሳ ሁለታችሁም እኔ ቤት ናችሁ። ማውራት ካልፈለጋችሁ ዝም ብላችሁ ብሉ።» እኔም ገላጋይ ሆኜ ተጠራሁ፤ ገላጋይ ማለት በመሀል ተቀምጦ ጨው የሚያቀብል ማለት መሆኑን ያወቅሁት ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

በዚያ ምሳ ላይ ወንበር ጎደለ። ጋሽ ሚሊም ከልብስ ማጠቢያው ጥግ የፕላስቲክ በርጩማ አምጥቶ፣ ጀርባውን ግማሽ ለባለ መሪው ሰጥቶ ተቀመጠ። ባለ መሪው ጨው ሲፈልግ ለእኔ ይናገራል፣ እኔ ለጋሽ ሚሊ እናገራለሁ፣ ጋሽ ሚሊ ለእኔ ያቀብላል። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ የበርጩማው ትዕግሥትም አለቀ። ልብ አድርጉ፤ አልተሰበረም። አራቱ እግሮቹ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ተንሰራፉ፤ ጋሽ ሚሊም ከነክብሩ፣ ሳህኑን ቀጥ አድርጎ እንደያዘ፣ ጠብታ ሳያፈስ ወለሉ ላይ አረፈ። ባለ መሪው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ግን መኮራረፋቸው ትዝ ብሎት ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ለአራት ወር ያህል ከእሱ ወገን የመጣ የመጀመሪያ ድምፅ ይህ ነበር።

ሚስቱ ልታነሣው እጇን ዘረጋች። ጋሽ ሚሊ ግን አልተነሣም። ሳህኑን አስቀምጦ በርጩማውን ገለበጠ፤ እግሩን ወደ ውጭ ጎትቶ ለቀቀው፤ እግሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ደግሞ ጎተተው፤ ደግሞም ተመለሰ። ከወለሉም ሆኖ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ማስመሪያ አምጡልኝ። እኔን ተዉኝ።» ሚስቱ ጭንቅላቱን የተመታ መስሏት ደነገጠች፤ የተመታ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት በርጩማውን በብብቱ ይዞ ሥራ ገባ።

ሦስተኛውም እግር እንዲህ ተወለደ፤ ስሙም ተንሰራፊ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ሦስት ሚሊሜትር፤ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘነበለ፤ ከላይ ክብደት ሲወርድበት የማይጋፋ፣ የማይሸሽም፣ ቀስ ብሎ ተከፍቶ ሸክሙን ወደ ታች የሚያሳርፍ፣ ከዚያም የሚመለስ። ወጪት የሚመስል አምስተኛ መደገፊያም ከመሀል ጨመረለት፤ እሱ ሞተሩን ከሥር ይይዘዋል። አባ ሞረድ ሞልዱን አራት ቀን ፈለፈለ። እትዬ ሙቀት ፕላስቲኩን ሁለት ጊዜ ቀላቀለች፤ የመጀመሪያውን በጥርሷ ነክሳ «ይሄ ይሰነጠቃል» ብላ ጣለችው፣ ሁለተኛውን ነክሳ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ማኅተም ቆጠርነው።

በፈተናውም ቀን ማሽኑ ከስድስት መቶ ሚሊሜትር ተለቀቀ፤ እግሮቹ ተንሰራፉ፤ ማሽኑ እንደ ጋሽ ሚሊ ከነክብሩ ወርዶ ቆመ። ሰባት ጊዜ ተለቀቀ፤ ሰባት ጊዜ ቆመ። ሶኬቱን ሰክተን የሠራዊቱን ሽርጥ ሁሉ አጠብንበት። አሻጊዎቹ ተቃቀፉ፤ እኔም በመዝገቤ ላይ ሳላስበው የሣቅ ፊት ሥዬ በኋላ ሰረዝሁት።

ነገር ግን ፈተናው ገና አላለቀም ነበር። ሥራ አስኪያጁ በእያንዳንዱ እግር ፊት ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል በጉልህ ይቀረጽ ብሎ አዘዘ። የእግሩ ፊት አርባ ስምንት ሚሊሜትር ነው። አንድ ፊደል አሥር ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ በፊደልና በፊደል መካከል ሁለት፤ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ። ከአራት ፊደል በላይ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ይህን ጋሽ ሚሊ አምስት ጊዜ ለካው፤ አምስት ጊዜም አልሰፋም።

ሠራዊቱም ለጉባኤ ተቀመጠ። አሻጊዎቹ «በጥንቃቄ» ይባል አሉ፤ አምስት ፊደል ሆኖ ወደቀ። እኔ «ተሰባሪ» ይባል አልሁ፤ አራት ነው፤ ጋሽ ሚሊ ግን ቀና ብሎ አየኝና በገዛ እግሩ ላይ ተሰባሪ ብሎ እንደማይጽፍ ከመነጽሩ በላይ አስታወቀኝ። እትዬ ሙቀት «አትጣል» በለውና ወደ ሥራችን እንግባ አለች። አራት ፊደል፤ ቁርጥ ያለ፤ ማንም የሚያውቀው። ጋሽ ሚሊም በንድፉ ላይ «አትጣል» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ቃሏን ረጅም ጊዜ ተመለከታት። አንገቱን አዘነበለ፤ በመስኮቱ ባለ መሪው መኪናውን የሚያጥብበትን አቅጣጫ አየ፤ ማስመሪያውን አንሥቶ ቃሏን በቀጥታ መስመር ሰረዛት። «ይህ አይሆንም» ብሎ ብቻ ከሥሩ «አይጣሉ» ብሎ ጻፈ። እኔም የፊደሉ ስፋት ያልተስማማው መስሎኝ «በልክ ጉድለት ተሰረዘ» ብዬ መዘገብሁ። አባ ሞረድ ፊደላቱን በብረቱ ላይ ገልብጦ ቀረጻቸው፤ ፕላስቲኩ ሲወጣ ቀጥ ብለው ይነበባሉ፤ አንድ መቶ ሃያ እግር፣ አንድ መቶ ሃያ ጊዜ «አይጣሉ»።

ጭነቱ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ሠላሳው ማሽን በመኪናው ላይ ተሰለፈ፤ እግሮቹ ከካርቶኑ ሥር ወጣ ብለው ይታያሉ። ጋሽ ሚሊ በግራ በኩል ቆሞ ገመዱን ያያል፤ ባለ መሪው በቀኝ በኩል ቆሞ ጎማውን ያያል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተያዩም። እኔ የዕቃው ቆጣሪ፣ ለደረሰውም ለተሰበረውም ምስክር እንድሆን ከሹፌሩ አጠገብ እንድቀመጥ ታዘዝሁ። እትዬ ሙቀት ቢጫውን ፎጣ ለመንገድ አቧራ ብላ ሰጠችኝ። ስንወጣ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ጋሽ ሚሊ ብቻውን ግቢው መሀል ቆሟል፤ እርሳሱ ከጆሮው ወድቆ አላነሣውም ነበር።

የመጀመሪያው ግማሽ ቀን የመቅሠፍት ጉዞ ነበረ። ባለ መሪው ተቆጥቷል፤ ቁጣውንም በነዳጅ መርገጫው ይናገራል። ጉድጓድ ሲመጣ አይዞርም፤ ጉብታ ሲመጣ አይቀንስም። ከኋላ የሠላሳ ማሽን፣ ከፊት የእኔ የአንዱ መቀመጫ ይዘል ነበር፤ ለእነሱ እግር ተሠርቶላቸዋል፣ ለእኔ ግን ማንም አላሰበልኝም። ስለ ማሽኖቹ ልናገረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ፤ ሦስት ጊዜም ምላሴን ነከስሁ፤ ይህ ምሳሌ አይደለም፣ በእርግጥ ነከስሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ገመዱን ለማጥበቅ ቆመ። ሸራውን ገለጠ። ሳይመለስም ቆየ። ወርጄ ሳይ በጭነቱ ጠርዝ ካሉት እግሮች ፊት ተንበርክኮ አገኘሁት። ቃሏን ከአንዱ እግር አነበበ፤ ወደ ሁለተኛው አለፈ፤ ወደ ሦስተኛው አለፈ። ይህን ማን አስጻፈው ብሎ ጠየቀኝ፤ ጋሽ ሚሊ አልሁት። ቃሉን የመረጠው ራሱ ነው ወይ አለ፤ ራሱ ነው፣ ሌላ ቃል ሰርዞ ነው የጻፈው አልሁት። ባለ መሪውም በአውራ ጣቱ የመጨረሻዋን ፊደል ደጋግሞ አሻሸ። እኔ ጫፏ ሻክሮት መስሎኝ ነበር። ከዚያም ተነሥቶ አፍንጫውን በእትዬ ሙቀት ፎጣ ተናፈጠ፤ ፎጣውንም አልመለሰልኝም።

በዚያች ሰዓት የሆነውን ለማስተዋል ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔም ሊቅ ባልሆንም አስተዋልሁ። አይጣሉ ማለት ዕቃውን ወደ ታች አይልቀቁ ማለት ነው። አይጣሉ ማለት ደግሞ ሁለት ሰዎች አይኮራረፉ ማለት ነው። አራቱ ፊደላት አንድ ናቸው። ሰውዬው ማስጠንቀቂያውን የዕርቅ ደብዳቤ አድርጎ አነበበው ብዬ ደመደምሁ፤ የማለዝበውም የማስተካክለውም ነገር የለም፣ አንደበቴን እሰበስባለሁ ብዬ ማልሁ።

ከዚያ ወዲያ መኪናው መኪና መሆኑን ረሳ። ጉድጓድ ሲመጣ ባለ መሪው ቆሞ፣ ወርዶ፣ ጉድጓዱን አይቶ፣ ተመልሶ ይዞረዋል። ብስክሌቶች ቀደሙን። አንድ ሽማግሌ በእግሩ ቀደመን፤ ከዚያም አዝኖልን ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ደውሎ የት ደረሳችሁ ሲል ባለ መሪው መንገድ ላይ ነን ብሎ ዘጋው። የሁለት ቀኑ ጉዞ አራት ቀን ፈጀ፤ መቀመጫዬ ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አላመመኝም፣ ለነገሩ አይሰማኝም ነበር።

በሩቁ ከተማ መጋዘን ደጃፍ በደረስን ጊዜ ባለ መሪው ማሽኖቹን ለተሸካሚዎች ብቻ አልተወም። አንዱን ጫፍ ራሱ ይዞ፣ ሌላውን ለአንድ ተሸካሚ ሰጥቶ፣ አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር፤ ሃያ ስምንቱ እንደ እንቁላል ወረዱ። ሃያ ዘጠነኛው ላይ ተሸካሚው ሰውዬ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የምትሳሳለት ብሎ ጠየቀው። ባለ መሪውም ደስ ብሎት አማቼ የጻፈልኝን እየው ብሎ አመለከተው። ያመለከተበትም እጅ ማሽኑን የያዘበት እጅ ነበር።

ማሽኑ ከመኪናው ላይ፣ ከሺህ ሁለት መቶ ሚሊሜትር፣ ከተፈተነበት ከፍታ እጥፍ፣ ወደ ሲሚንቶው ሄደ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። በዓይነ ኅሊናዬ እትዬ ሙቀትን ሌላ ሥራ ስትፈልግ አየኋት፤ አባ ሞረድን የእንጨት ሣጥን ላይ ምስማር ሲመታ አየሁት። ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የሚሰበር ድምፅ ግን አልሰማሁም። ዓይኔን ስገልጥ እግሮቹ እንደዚያ በርጩማ ተንሰራፍተዋል። ከዚያም፣ ሁላችንም እያየን፣ ቀስ ብለው ተመለሱ፤ ማሽኑም ቀጥ ብሎ ቆመ።

ባለ መሪው ፊቱ እንደ ወረቀት ሆኖ ነበር። የአራት ቀን አቧራ የጠጣ ሸሚዙን አወለቀ፤ የማሽኑን ካርቶን አስቀድዶ፣ እግሩን አስወልቆ፣ ውኃና መብራት አስቀጥሎ ሸሚዙን ከተተበት። አርባ ደቂቃ ያህል የመጋዘኑ ሰው ሁሉ፣ ሹፌሩም በካናቴራ ሆኖ መሀላቸው ቆሞ፣ አንዲት ክብ መስኮት ሲመለከት ቆየ። ሸሚዙ ወጣ። ጸድቷል። አንድም ቁልፍ አልጎደለውም።

ያን ጊዜም ባለ መሪው ወደ ፕላስቲክ ክፍል ደወለ፤ ስልኩም ሠራዊቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደረገ። አዋጁ አጭር ነው። «ሠላሳውም ደኅና ነው። አንዱን እኔ ነኝ የጣልኩት፤ እግሩ ያዘው። የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። እሁድ ምሳ እመጣለሁ።» በኋላ እትዬ ሙቀት እንደነገረችኝ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ጩኸት ሆነ፤ አሻጊዎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ጨረሱ። ጋሽ ሚሊ ግን ነገሩ ገብቶት፣ ቃሉ የማስጠንቀቂያ ቃል ነው ብሎ ሊያርም አፉን ከፈተ፤ እሷም በከባዱ የሥራ ጫማዋ እግሩን ረገጠችው፤ የፕላስቲኩን ሳይሆን የራሱን። ሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ አዋጁን ከሰሌዳው ላይ ነቀለ። አራቱን መርፌዎች እትዬ ሙቀት ወሰደቻቸው፤ ፎጣዋ ስለጠፋ አዲሱን የምትሰቅለው በእነሱ ነው።

ወእምዝ እሁድ ሆነ። ሠራዊቱ ሁሉ ተጠራ። ጋሽ ሚሊ ዋናውን ወንበር ለባለ መሪው ለቅቆ፣ ራሱ የታደሰው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ይስቃል፤ ጨው በቀጥታ ይቀባበላል፤ እኔም ያለ ሹመት ቀርቼ ነበር። የጋሽ ሚሊ ጉርሻ ግን አልወርድ አለው። አንድ ሚሊሜትር ስሕተት እንቅልፍ የሚነሣው ሰው፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ጉሮሮው ላይ ተቀምጦ እንዴት ይውጣል። ሚስቱ በዓይኗ ተው አለችው፤ እትዬ ሙቀት ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ፈለገች፤ በርጩማው ዝቅ ስላለ አጣችው። እሱም ሳህኑን አስቀምጦ አወጀ። «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ስሕተት አለ። እኔ የጻፍኩት ዕቃውን አይጣሉ ብዬ ነው። እንዳንጣላ ብዬ አይደለም። ውሸት ውስጥ ሆኜ ምሳ መብላት አልቻልኩም።»

እኔ ስለ ዓመተ ኩርፊያ ሁለተኛው ዓመት መጻፍ የምጀምርበትን ገጽ በሐሳቤ ገለጥሁ። ባለ መሪው እጁን በናፕኪን ጠረገ፤ አልቸኮለም። የመጨረሻውም አዋጅ ይህ ነው፦

«እሱን መች አጣሁት። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ጭኛለሁ። የማያዘኝ ሣጥን የለም፤ ሁሉም አትጣል፣ አትጣል፣ አትጣል ነው የሚለኝ። አንተ ራስህ በሰው ፊት አንተ አልከኝ፤ ማሽኑ ይሰበር፣ እኔ ያመመኝ እሱ ነው። ከዚያ ሸራውን ስገልጥ፣ ተኳርፈንም እያለን፣ አትጣል አላልክም። አይጣሉ አልክ። ያቺን ‹ሉ› አየኋት።»

የጋሽ ሚሊ መነጽር ጉም ያዘው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ወንድም ጋሼ አለ። እኔም መዝገቤን ከጉያዬ አውጥቼ «በልክ ጉድለት ተሰረዘ» ያልሁትን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሰረዝሁ። ሥራ አስኪያጁ በኋላ ቃሉ ያሻማል፣ ይለወጥ ብሎ አዘዘ፤ አባ ሞረድ ሞልዱ ብረት ነው፣ ብረት አንዴ የተናገረውን አይመልስም ብሎ ለብቻው አጉተመተመ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ከፋብሪካችን የሚወጣ ማሽን ሁሉ በአራት ትሑት እግር ላይ ቆሞ ይሄዳል።

እንግዲህ ለማዕዘናት ጌታ፣ ከበርጩማ ወድቆ ጥበብን ላነሣ፣ ጽኑን ሞክሮ ለተወ፣ ልዝብንም ሞክሮ ለተወ፣ በተንሰራፊ ስድስት ሰዎችን በሥራቸው ላቆመ፣ ሺህ ሁለት መቶ ሚሊሜትር ወድቆ የማይሰበር ነገር ለሠራ፣ ከአርባ ስምንት ሚሊሜትር ላይ አሥሩን ለታላቁ ክብር ለሰጠ፣ ስሙ በፕላስቲክ ይጻፍ፤ ፕላስቲክ ደግሞ እንደምታውቁት በቀላሉ አይጠፋም። እኔም ጸሐፊው ከመጀመሪያ ቆጥቤ ያስቀመጥሁትን አሁን አወጣለሁ፤ በዚህ ሁሉ ገጽ «እሱ» ያልሁት ለወግ ነበር። ጋሽ ሚሊ፣ እርስዎ ይኑሩ።